ዘጠነኛው ወር እስኪሞላ

ሰኔ 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ትናንት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ልጅ ወለድን። ወንድ ነው። የምንጠብቀው በነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ ሁለት ወር ከምናምን ቀድሞ መጣ። ጥሩነሽ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ምጥ ያዛት። ጎረቤታችን አገርነሽ አጥሩን ዘላ ባትደርስ ኖሮ ልጁ ጎመኑ መሐል ነበር የሚወድቀው።

እኔ ሶዶ ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው ጉዳይ ሳገናኝ ነበር። አንዱን ነጋዴ ከሻሸመኔ፣ አንዱን ዳኛ ከአዲስ አበባ። የአገሩ ወሬ ሁሉ በጆሮዬ የሚያልፍ ሰውዬ የገዛ ልጄን መወለድ የሰማሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይሄኔ ነው።

ለአንድ አፍታ አሳዩኝ። ክንዱ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። ጥፍሮቹ ገና ጣቶቹ ጫፍ አልደረሱም። ቆዳው ስስ ከመሆኑ የተነሣ ውስጡ ሁሉ ይታየኛል ብዬ ፈራሁ። ግን አለቀሰ። ትንሽ ድምፅ ነው፣ ሆኖም ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገመድ የሚመጣ ድምፅ ስመዝን የኖርኩ ነኝ። ይህስ ይኖራል አልኩ።

እናቴን ከአረካ እንዲያመጧት ሰው ልኬአለሁ።

ሰኔ 6

እናቴ ትናንት ማታ ደረሰች። ልጁን አየች፣ ቤቱን አየች፣ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ማዘዝ ጀመረች።

«ይህ ልጅ ወጣ እንጂ አልተወለደም» አለች። በወላይትኛ ነው የምታወራው፤ እኔ ነኝ እዚህ ላይ በአማርኛ የምጽፈው። «ሁለት ወር ይቀረዋል። ማህፀን ጨለማ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። እንግዲህ ማህፀን እንሠራለታለን።»

የጓዳውን መስኮት በሰሌን ከደነችው፣ ቀዳዳውን በእንሰት ቃጫ ጠቀጠቀችው። ለማጥቢያ የምትበራ አንዲት ኩራዝ ብቻ ቀረች። ውሻችንን ወደ ጎረቤት ሰደደችው። አውራ ዶሮው ለጥሩነሽ ሾርባ ሆነ፤ ጥፋቱ መጮኹ ነው። ሰው ሁሉ እንዲያንሾካሽክ ታዘዘ። እልልታ ክልክል፣ እንኳን ማርያም ማረሽ ክልክል፣ ስም ማውጣትም ክልክል። «ዘጠነኛው ወር ሲሞላ ያኔ ይወለዳል፤ ያኔ እልል ይባላል፤ ያኔ ስም ይወጣል።»

«እኔስ፣ አዬ፣ መቼ ልግባ?» አልኳት፤ በእኛ ቋንቋ እናትን አዬ ነው የምንላት።

«አባት ማህፀን ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ጥሩነሽ ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ቀስ ብላ ነው የሳቀችው፣ እሷም ሕጉን ለምዳለች።

እናቴ ልብሷን ገልጣ ልጁን ራቁቱን ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከላይ በቡልኮ ትጠቀልለዋለች። ሲደክማት ለጥሩነሽ ትሰጣለች፤ እንዲሁ በየተራ። መጥባት አቅቶታል። ወተቱን በማንኪያ አልበው በጠብታ ይሰጡታል። እኔ ከጓዳው ግድግዳ ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ሌላ የምችለው ነገር የለም።

ሰኔ 7

ዝናብ። የሻሸመኔው መስመር ተበጠሰ፤ ቀኑን ሙሉ ጥሪውን በሆሳዕና በኩል ስናዞር ዋልን። ልጁ አለ።

ሰኔ 8

ዛሬ ጠዋት ለቅሶው ተለውጧል። ቀጥኗል። እንደ ትናንቱ ከሆድ አይመጣም፤ ከላይ፣ ከግንባሩ የሚወጣ ነው የሚመስለው። በግድግዳው በኩል «ደህና ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «እንቅልፋም ሆኗል። ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ይተኛል» አለች እናቴ።

ለአለቃዬ ለጋሽ ዓምደሚካኤል ነገርኩት። አባቱ ከመንዝ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ ሰባት ልጅ አሳድጓል። «ደገፉ፣ የሚያለቅስ ልጅ ያለ ልጅ ነው። ሥራህን ሥራ» አለኝ። ሠራሁ።

ሰኔ 9

ድምፁ አሁንም ቀጭን ነው። ደግሞም አጠረ። ስልክ ላይ ቢሆን «መስመሩ ተበላሽቷል፣ ይመርመር» ብዬ እጽፍ ነበር። እጄን መጋረጃው ላይ አድርጌ ቆምኩ። መለስኩት። የሴቶች ጓዳ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ? እናቴ ዘጠኝ ወልዳ ስድስት አሳድጋለች። ዝም አይነቅዝም አልኩና ሄድኩ።

ሰኔ 10

ከሌሊት ጀምሮ አላለቀሰም። ገባሁ። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ወስደነዋል። ቢጫ ነው፣ ሁለመናው ቢጫ ነው።

ሰኔ 12

አሁን የሆነውን ልጻፍ።

መጋረጃውን ገልጬ ስገባ እናቴ «ውጣ» አላለችኝም። ኩራዟን ከፍ አድርጋ ፊቱን ታየዋለች። በኩራዝ ብርሃን ምንም አይታይም፤ የእናቴም ፊት ቢጫ፣ የጥሩነሽም እጅ ቢጫ፣ ግድግዳውም ቢጫ። ልጁን ተቀበልኳትና ወደ በሩ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በቀን ብርሃን ሳየው ልጁ እርድ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። የዓይኑ ነጭ ሳይቀር። ራሱ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ጀርባው እንደ ደጋን ጎብጦ፣ እጆቹ ተጨብጠው። እናቴ ጮኸች። ያን ሁሉ ቀን ሹክሹክታ ብቻ ስሰማ ስለከረምኩ የገዛ እናቴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

በጭቃው ሮጥን። ቡልኮው ውስጥ እኔ አቀፍኩት፤ ጥሩነሽ በወለደች በሰባተኛ ቀኗ ከኋላዬ ትሮጣለች፤ እናቴ ከሷ ኋላ።

ሲስተር ፈረንጅ ናት፤ ረዳቷ ድሬሰሩ ሻንቆ ያስተረጉማል። የወፍ በሽታ ነው አለች፤ ቀኑ ባልደረሰ ልጅ ላይ ይበረታል፣ ከበረታ ወደ አንጎል ይወጣል። የት እንደነበር ጠየቀች። «ጨለማ ውስጥ» አልናት። አገሯ ያሉ ነርሶች ቢጫ ሕፃናትን ፀሐይ ሲያገኛቸው ቢጫው ሲቀንስ አይተዋል፣ እርግጡ ገና አልታወቀም፣ ግን እንሞክራለን አለች። ራቁቱን መስኮት ሥር አስተኛችው።

በሰኔ ፀሐይ ፍለጋ! ዳሞታ ተራራ ላይ ደመናው ትንሽ በተከፈተ ቁጥር ሻንቆና እኔ አልጋይቱን ይዘን ከመስኮት መስኮት እንሮጣለን። ጠዋት በምሥራቁ ክፍል፣ ከሰዓት በምዕራቡ። አንዴ ሕመምተኞች የሚጠባበቁበት በረንዳ ላይ ፀሐይ ወጣችልን፤ ሰዉ ሁሉ ምንም ሳይባል ተነሥቶ ቦታ ለቀቀ። አንድ ሽማግሌ ንፋስ እንዳይመታው ጋቢያቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ እስክንጨርስ እጃቸውን አላወረዱም። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ልጁን ለማሞቅ ካልሆነ በቀር አትገባም። ማታ «ጨለማው ነው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ለምን አልመለስኩላትም?

እንዲህ አድርጌ እጽፋለሁ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ጨለማው ዓይናችንን ነው የጋረደው። ጆሮዬን ማን ጋረደው? ሦስት ቀን ሙሉ ሰምቻለሁ።

ሰኔ 19

ቢጫው ሸሸ። በጠብታ ወተት ይወስዳል። ጀርባውም ትንሽ ለዘብ አለ።

ሲስተር ዛሬ ረጅም ነገር ተናገረች። መጀመሪያ የልጁን ራስ ነካች፣ ከዚያ እጅ እግሩን፣ ከዚያ ጆሮውን፤ ያንንም ሁለት ጊዜ። ሻንቆ «ጌታ ይመስገን፣ ተርፏል፣ እያደር ይታያል ብላለች» ብሎ አሳጠረው። እኔ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ፤ አንዱ ብዙ ተናግሮ ሌላው ጋ ጥቂት ከደረሰ መሐል ላይ የቀረ ነገር አለ። አልጠየቅሁም። ጆሮውን የነካችው የኔን ሥራ ሰምታ ይሆናል።

ደግሞ አንድ ነገር ብላለች፤ ይህንን ሻንቆ ሳያሳጥር ነገረኝ። «አሮጊቷ በገላዋ ባታሞቀው ኖሮ የመጀመሪያውን ሳምንት አይዘልቅም ነበር።» ለእናቴ ልነግራት አስቤ ረሳሁ።

ሐምሌ 2

ቤት ገባን። ሰሌኑ ከመስኮት ወረደ። ሹክሹክታው ግን አልቀረም፤ እናቴ «ብርሃኑን ሲስተር ካለች ይሁን፤ ጸጥታው ግን ይጠበቅ፣ ወሩ አልሞላም» አለች። እንግዲህ የስምምነት ማህፀን ነው፤ መስኮት ያለው።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ሊጠይቀን መጣና በር ላይ በዚያ ድምፁ «እንዴት ነው ጎረምሳው!» ሲል እናቴ አፏ ላይ ጣቷን አድርጋ በአማርኛዋ «ጌታዬ፣ ቀስ በይ፤ ልጁ ገና አልተወለደችም» አለችው። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ገባ።

አሁን እኔም አቅፈዋለሁ። አባት ማህፀን ውስጥ ገብቷል።

ሐምሌ 9

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ወረደ፤ ቤቱ ላይ የወደቀ ነው የመሰለን። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ጥሩነሽ የያዘችው ሰሐን ከእጇ ወደቀ፤ እኔ «ኢየሱስ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ ጣራውን ያያል፤ ቅንድቡ አልተንቀሳቀሰም። ምን ዓይነት ደፋር ልጅ ነው! ለጥሩነሽ «አያቱን ነው የወጣው፤ አንበሳ ሲያገሣ የማይነቃነቅ ነበር» አልኳት። ፈገግ አለች። የሰሐኑን ስብርባሪ ስትለቅም ብዙ ቆየች።

ሐምሌ 12

አንዲት የወታደር ሚስት ከቅርባችን ከበዴሳ በእግሯ መጥታ ስልክ ቤት ቀረበች፤ ባሏ ከሐረር ሊያነጋግራት ቀጠሮ ነበር። ሕፃን ታቅፋለች። ባልየው አላየውም። «እስቲ አስለቅሺው፣ ልስማው» አላት። ጭኑን ቆነጠጠችው፤ ልጁ ጩኸቱን ለቀቀው። ከሐረር ወገን መጀመሪያ ሳቅ መጣ፣ ከዚያ ዝምታ። ማዳመጥ ክልክል ነው፤ አዳመጥኩ። የተከፈለበት ሦስት ደቂቃ ቢያልፍም አልቆረጥኩባቸውም።

ቤት ስገባ ለልጄ ነገርኩት። አንድ ቀን አንተም አገር ርቀህ ትደውላለህ፣ እኔ ነኝ የማነሣው፣ «ሶዶ ነው» እልሃለሁ፣ አንተ «አባባ» ትለኛለህ አልኩት።

ሐምሌ 15

የምሥራች! ድምፄን ያውቃል። ጥሩነሽ ይዛው ስታባብለው እምቢ ብሎ ነበር። ተቀብዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩትና መዝሙር ማጉረምረም ጀመርኩ። ወዲያው ጸጥ። አቆምኩ፣ ማልቀስ። ጀመርኩ፣ ጸጥ። ሦስት ጊዜ! የስልከኛ ልጅ!

ሐምሌ 24

አንገቱ ገና አይጸናም። ሲያነሡት ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ እጆቹ ጠንካራ ጭብጥ ናቸው፤ ጥሩነሽ በቅቤ እያሸች አንድ በአንድ ጣቶቹን ትፈታቸዋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እላታለሁ።

አገርነሽ በአጥሩ በኩል ለሌላ ሴት ስትናገር ሰማሁ፤ «ይሄ ልጅ ሰው አይሆንም፤ ልጅቷን አደከሟት።» ክፉ አይደለችም፤ ያን ቀን አጥር ዘላ ያዋለደችን እሷ ናት። ግን ሰማሁ። አንዳንዴ ይህን ጆሮዬን አውልቄ ስልክ ቤት ጥዬው ብመጣ እወዳለሁ።

ሐምሌ 29

ደረቴ ላይ ሳደርገው መዝሙሩን ይወዳል። ዛሬ አልጋው ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ፣ ከጎኑ ቆሜ ያንኑ መዝሙር ዘመርኩለት። አልተወም። ጮክ ብዬ ዘመርኩ። አልተወም። ርቦት ነበር መሰለኝ።

ነሐሴ 3

የድስቱ ክዳን ከእጄ አመለጠኝ።

ደግሞ አመለጠኝ።

«ዛሬ እጅህን ምን ነካው?» አለች ጥሩነሽ ከደጅ። «ቅቤ ነው፣ አዳለጠኝ» አልኩ። እናቴ ጸጥታውን ስለሰበርኩ ተቆጣችኝ። ልጁ ብርሃኑን በመስኮት ያይ ነበር። ዓይኑ ደህና ነው፤ ኩራዝ ሳሳየው ይከተላል።

ነሐሴ 8

ለምሳ ድንገት ቤት ስገባ ጥሩነሽ ከልጁ ኋላ ቆማ አጨበጨበች። አንዴ፣ ቆይታ እንደገና። ስታየኝ «ትንኝ» አለች።

«ገደልሻት?»

«አመለጠችኝ» አለች።

በነሐሴ ብርድ እቤታችን ትንኝ አይቼ አላውቅም። ምሳችንን በላን። ስለ ጎመኑ አወራን።

ነሐሴ 13

የሐረሩ ወታደር ደግሞ ደወለ። ሚስትየው ልጁን ይዛ መጣች። ገመዱን ሰክቼ የጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅሁና ወደ ደጅ ወጣሁ። ጋሽ ዓምደሚካኤል «ምነው?» አለኝ። «ራሴን አመመኝ» አልኩት። የተቀመጠበትን ወንበር ለቀቀልኝና እሱ በቦታዬ ተተካ።

ነሐሴ 25

ዛሬ ልጄ ተወለደ።

እናቴ በጣቷ ስትቆጥር ከርማ ወሩ ሞላ አለች። ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት ልጁን አጠበችው፣ ቅቤ ቀባችው፣ ከጓዳው አውጥታ በበሩ አሳልፋ ግቢ ወጣችና ፊቱን ወደ ዳሞታ አዙራ ያዘችው። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። ሽማግሌው ቶማ፣ የጥሩነሽ አባት፣ ጸለዩና ስሙን አንጁሎ አሉት፤ በእኛ ቋንቋ ምርቃት የሚል አለበት።

«በሉ አሁን» አለች እናቴ። ሁለት ወር ተኩል ያፈኑትን ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ለቀቁት። እንዲህ ዓይነት እልልታ ሰምቼ አላውቅም። አገርነሽ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ልጁ ጆሮ ሥር ቆማ ነው ያለችው። ጋሽ ዓምደሚካኤል ደግሞ «ወንድ ልጅ ያለ ጥይት!» ብሎ የአባቱን ጠመንጃ ሁለቴ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ቁራዎቹ ከባሕር ዛፉ ተነሡ። የተመለሰው ውሻችን አልጋ ሥር ገባ። ሴቶች የታቀፏቸው ሕፃናት ሁሉ በአንድ አፍ ጮኹ።

አንጁሎ ጭብጡን ይጠባ ነበር። በመጀመሪያው ጥይት ጠባ፤ በሁለተኛውም ጠባ።

«ጀግና! ጀግና!» አሉ። እናቴ ደስታዋ ልክ የለውም፤ ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየችው። ጥሩነሽን አየኋት። እሷም እኔን ታያለች። ሰው መሐል ነበርን፤ እኔ ለእንግዳ ወንበር ላምጣ ብዬ ገባሁ።

ነሐሴ 26

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ይበቃናል።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ጥሩነሽ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ስለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

«ከክዳኑ» አልኩ። ከዚያ፣ «አይደለም። ከመዝሙሩ። አንቺስ?»

«ከነጎድጓዱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የስልከኛ ልጅ እያልክ ስትዘል እንዴት ብዬ?»

«ትንኝ ስትገድይ አይቼሻለሁ።»

«እኔም ቅቤ ያዳለጠውን ሰውዬ አይቻለሁ። ቅቤው ያለቀ ዕለት ነበር» አለች። ሳቅን። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ ሳቁ የት ላይ እንደተለወጠ አላውቅም።

ያኔ ነገርኳት። ሦስት ቀን ድምፁ ሲቀጥን ሰምቻለሁ፣ እጄን መጋረጃው ላይ አድርጌ መልሻለሁ፣ የመጀመሪያውን ቀን ብገባ ኖሮ ብዬ። ለዚህ ደብተር ካልሆነ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እንደምትጠላኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጥሩነሽ የልጁን ጣቶች እየፈታች ነበር። «አንተ በግድግዳ ነው የሰማኸው። እኔ ደረቴ ላይ ነበር» አለች። «በኩራዝ ብርሃን ሁላችንም ቢጫ ነበርን። ጥፋቱን እንካፈል ካልን ለሁላችንም ይዳረሳል፤ ለእሱ ግን ምንም አይረባውም።»

ነሐሴ 30

ክሊኒክ። ሲስተር ከኋላው ደወል ደወለች። ከግራ፣ ከቀኝ። ከዚያ ደወሉን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። በዚህ ጊዜ ሻንቆ አላሳጠረም፤ ራሴ ለምኜዋለሁ። አይሰማም። ቢጫው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነበር፤ አንገቱ መጽናት ይዘገያል፣ መቀመጡ ይዘገያል፣ እጁ ምናልባት እንደልቡ አይታዘዘውም። ዓይኑ ብሩህ ነው። የሚያስብ ልጅ ይመስለኛል አለች። በዓይኑና በገላው አናግሩት አለች።

መንገድ ላይ ጥሩነሽ ስለ ቤት ጣራ አወራች። እኔ ስለ ወታደሩ አሰብኩ። አይደውልልኝም። እንግዲህ ልጄ አይደውልልኝም።

ጳጉሜ 3

እናቴ ከኛ አፍ ሳትሰማ አወቀችው። ወደ ቡልኮው እጇን ስትዘረጋ ወጭቱ ወደቀና ተሰበረ፤ ልጁን አየችው፤ ተቀመጠች። ደግማ ጠየቀችኝ። «ጨለማው ነው? እኔ ነኝ?»

በሰኔ ስትጠይቀኝ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን ሁለት ወር ተኩል ተሸክማዋለች ማለት ነው፤ ደረቷ ላይ ከልጁ ጋር። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ውሸት ነው፤ ነቅዟል።

«አዬ፣ ጨለማው ቢጫውን ደብቆብናል» አልኳት። መዋሸት አልፈለግሁም። «እኔም የሰማሁትን ደብቄአለሁ። ሲስተር ግን አሮጊቷ በገላዋ ባታሞቀው የመጀመሪያውን ሳምንት አይዘልቅም ነበር ብላለች። ልነግርሽ ሲገባኝ ረሳሁት።» አልረሳሁትም ነበር። የምወቅሰው ሰው ፈልጌ ነው። ይህንንም ነገርኳት።

መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ «እኔ ደግሞ ለማይሰማ ልጅ ብዬ የሰው አውራ ዶሮ አሳረድኩ» አለች። እናቴ ናት፤ ምን ታደርጋታለህ።

ቀጥላ ግን እንዲህ አለች። «ዝም በሉ እላችሁ ነበር እንጂ እኔ ዝም ብዬ አላውቅም። አፌን ገጥሜ፣ እዚህ ጋ» ደረቷን መታ አደረገች፣ «ቀን ከሌሊት ሳዜም ነው የከረምኩት። አንተ በግድግዳ አትሰማም። እሱ ግን በለቅሶ መሐል ጸጥ ይል ነበር።»

ጥሩነሽ ቀና አለች። «የሻሸመኔው መስመር ሲበጠስ ምንድን ነው የምታደርጉት?» አለችኝ።

«በሆሳዕና እናዞራለን።»

«እንግዲያ!» አለችና ልጁን አምጥታ ደረቴ ላይ ጣለችው።

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

መስቀል ሦስት ቀን አለፈው፤ ሥጋው አላለቀም፣ ዘመዱም አልሄደም። ከአረካ የመጡት አጎቶቼ አንጁሎን እየተቀባበሉ «እንዴት ነህ? ሳሮ?» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ልቤ ይሰነጠቅ ነበር። አሁን ሕግ አውጥቻለሁ፤ የእናቴ ልጅ ነኝና። ሊያናግረው የሚፈልግ ደረቱ ላይ ያድርገው፤ ከሩቅ ማውራት ክልክል።

ሶርሳ የሚባለው ትልቁ አጎቴ የጦር ሜዳ ፉከራውን ሳይቀር ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ፎከረለት። አንጁሎ እጁን፣ ያን የማይታዘዝ እጁን፣ ቀስ ብሎ ከፍቶ የሽማግሌው አንገት ላይ አሳረፈው። ፉከራው መሐል ላይ ቆመ። ሶርሳ የቀረውን መጨረስ አልቻለም።

እኔ ደግሞ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ጨረስኩ። መዝሙር ሲያልቅ የሰማሁትን የስልክ ወሬ ነገርኩት፤ ምስጢር አይወጣበትም። የወታደሩን ነገር ነገርኩት። የሰኔን ሦስት ቀን ነገርኩት፤ ሳልቀንስ፣ ሳላሳጥር። መዳፉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ባቆምኩ ቁጥር ፊቴን ያያል፣ ይጠብቃል፤ ስጀምር አፉ ይከፈታል። ዛሬ ሳቀ። ድምፅ የለውም ብለው እንዳያስቡ፤ አለው። ወፍራም ነው፤ ከሆድ የሚወጣ፤ ያ የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ነው። በምን እንደማውቀው ማንም አይጠይቀኝ፤ ሥራዬ ነው።

መስከረም 21

ጠዋት ሥራ ስገባ ከጉሮሮዬ ድምፅ የሚባል አልወጣም። «ሶዶ ነው» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ከወንበሩ ዞሮ አየኝ።

«ደገፉ፣ ድምፅህን ማን ወሰደብህ?»

«ልጄ» አልኩትና ገመዱን ሰካሁ።